ማያሚ፣ ውቅያኖስ ፊት ለፊት ያለ አሮጌ ቪላ፦ ከመፈረም በፊት ምን ይታይ?

ሰገነት
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ደንበኛ በማያሚ ዴድ ሰሜን ጫፍ፣ በጎልደን ቢች አካባቢ፣ በ1970ዎቹ የተሠራ ፎቅ የሌለው ቪላ ሊገዛ እየተደራደረ ነው። የጓሮው በር በቀጥታ አሸዋው ላይ ይከፈታል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ መሬት ላይ የተሞላ ስላብ። ሐሳቡ ሳያፈርስ ኩሽናውን፣ መታጠቢያ ቤቶቹንና መስኮቶቹን ቀይሮ መግባት ነው። ሻጩ ደግሞ "ባሕር ዳርቻው የግል ነው" ይላል። ኢንስፔክተር እንልካለን፤ ግን ተራ ኢንስፔክሽን የማይደርስበት ብዙ ነገር አለ። ኮንትራክተሮች፣ የኢንሹራንስ ሰዎች፣ ቀያሾች፣ በየሙያችሁ ጣል ጣል አድርጉልኝ።

ፐርሚት_ቤት
እህቴ፣ ኩሽናውን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቤቱ ከመሬቱ ተነጥሎ ስንት ያወጣል የሚለው ነው።

በጎርፍ ቀጠና ውስጥ የፌማ (የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የ50 በመቶ ደንብ አለ። የእድሳቱ ወጪ የሕንፃውን የገበያ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ፣ ቤቱ በሙሉ በዛሬው የጎርፍ ኮድ መሠረት መስተካከል አለበት። ልብ በይ፣ የሕንፃውን ነው፤ መሬቱ አይገባም። ውቅያኖስ ዳር ላይ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኼ ነው። ለምሳሌ ንብረቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ወጣ እንበል። ከዚህ 19 ሚሊዮን 200 ሺው የመሬት ዋጋ ቢሆን አይግረምሽ። ለቤቱ የሚቀረው 800 ሺ ነው፣ ግማሹ 400 ሺ። በዚህ ሰፈር ደረጃ አንድ ኩሽና፣ አራት መታጠቢያ ቤትና የመስታወት ግድግዳ በ400 ሺ የሚያልቅ ከመሰለው ደንበኛሽ ገና ዋጋ አልጠየቀም ማለት ነው።

ሂሳቡ ውስጥ የሚገባው፦ የጉልበት ዋጋ (ዘመድ በነፃ ቢሠራውም በገበያ ዋጋ ይታሰባል)፣ ቁሳቁስ፣ የውስጥ ማጠናቀቂያ በሙሉ፣ ቁም ሣጥኑ፣ ንጣፉ፣ ኤሌክትሪኩ፣ የኮንትራክተሩ ትርፍ። የማይገባው፦ የፕላን ክፍያ፣ የቅየሳ፣ የፐርሚት፣ የአትክልት ሥራ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ አጥር።

"ዛሬ ኩሽና፣ ከስድስት ወር በኋላ መስኮት" እያሉ ቆርሶ ማስፈቀድን እንደ ብልሃት የሚነግራችሁ አይጠፋም። ብዙ ከተሞች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የወጡትን ፐርሚቶች ይደምራሉ። አንዳንዱ የአንድ ዓመቱን፣ አንዳንዱ የአምስት ዓመቱን። ሻጩ ባለፈው ዓመት የሠራው ራሱ ከገዢው ድርሻ ላይ ሊቀነስ ይችላል። የከተማውን ሕንፃ ክፍል በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ።

አንድ ሕጋዊ መውጫ አለ፦ ፈቃድ ያለው አፕሬይዘር የሕንፃውን ብቻ ዋጋ (እርጅናው ተቀንሶ) ይገምታል፣ ከተማው ሊቀበለው ይችላል። የካውንቲው የግብር ግምት ዝቅ ብሎ ሲገኝ ይኼ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ግን ሁለት ሦስት እጥፍ ያደርገዋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

ሰገነት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይኼን ደላሎች አይነግሩንም። ደንቡ ቢነካንስ? ስላብ ላይ የተቀመጠ የብሎኬት ቤት ከፍ ይደረጋል እንዴ?

አርማታ
ከፍ ማድረጉ ይቻላል፣ ጥያቄው ቀጠናው ነው። የፌማ የጎርፍ ካርታ ላይ ሁለት ፊደል ፈልጊ።

ኤ-ኢ ከሆነ የጎርፍ ውኃ ይመጣል ማለት ነው፤ የታችኛው ወለል አናት ከመነሻው የጎርፍ ከፍታ (ካርታው ውኃው ይደርስበታል ከሚለው ቁመት) በላይ ቢያንስ አንድ ጫማ መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ቤት በጃክ አንስቶ ከሥሩ መሠረት መገንባት የሚሠሩት ባለሙያዎች አሉ።

ቪ-ኢ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ቪ-ኢ ማለት ከጎርፉ በላይ 3 ጫማና ከዚያ በላይ የሆነ ማዕበል ይጠበቃል ማለት ነው። እዚያ ቤቱ በፓይል ወይም በዓምድ ላይ ይቆማል። የሚለካውም የወለሉ አናት መሆኑ ቀርቶ የታችኛው አግዳሚ ተሸካሚ፣ ማለትም የቢሙ ወይም የስላቡ ሆድ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ክፍት ይሆናል፣ ወይም ማዕበል ሲመታው ቤቱን ሳይጎትት ተገንጥሎ የሚሄድ ስስ ግድግዳ ይደረግበታል። ያ ቦታ ለመኪና፣ ለመወጣጫና ለዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ነው። በአፈር ሞልቶ ቤት ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ ማዕበሉ ይጠርገዋል። ስለዚህ ቪ-ኢ ላይ ያለ የስላብ ቤት የ50 በመቶውን ደንብ ከነካ፣ በተግባር ፍርዱ ማፍረስ ነው።

የከፍታ ሰርተፊኬቱን (ቀያሽ የቤቱን ከፍታዎች ለክቶ የሞላውን ቅጽ) ከሻጩ ጠይቂ። ክፍል ሲ ላይ ሦስት ቁጥር ይበቃሻል፦ የታችኛው ወለል አናት፣ (በቪ ቀጠና) የታችኛው ተሸካሚ ሆድ፣ እና የማሽኖቹ ዝቅተኛ ከፍታ። የመጨረሻውን ሰው ይዘለዋል። ቤቱ ከፍ ብሎ ኤሲው፣ ጄኔሬተሩና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ መሬት ላይ ከሆነ ገና ችግር አለ።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ሰርተፊኬቶች የተለኩት በ1929ኙ የከፍታ መቁጠሪያ መነሻ (ኤን-ጂ-ቪ-ዲ) ነው፣ አሁን የሚሠራበት በ1988ቱ (ናቪዲ) ነው። ማያሚ ላይ ልዩነቱ አንድ ጫማ ተኩል ገደማ ነው። አሮጌው ወረቀት "10 ጫማ" ካለ በአዲሱ 8.5 ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ "ከሚፈለገው በላይ ነን" ያለ ሰው ከታች ነው ያለው።

ቀጥታ
ይኼን ሁሉ ካየ ማን ይገዛል? ሀብታሞቹ እየተጋፉ እየገዙ አይደል እንዴ፣ ኢንዲያን ክሪክ፣ ፊሸር አይላንድ፣ ፓልም ቢች?

ፐርሚት_ቤት
@ቀጥታ ይገዛሉ፣ አብዛኞቹ ግን አሮጌውን ቤት በዜሮ ቆጥረው ነው። ዋጋ የሚሰጡት ለመሬቱ ስፋት ነው፣ በተለይ ባሕሩን ለሚያየው ጎን በጫማ። አፍርሶ ለሚሠራ ሰው ፌሮው ቢዝግ ባይዝግ ግድ የለውም። የሰገነት ደንበኛ ግን ሊኖርበት ነው የሚገዛው። ሁለቱ ሰዎች ለአንዱ ንብረት አንድ ዋጋ መክፈል የለባቸውም።

ጨው_ውኃ
ባሕር ዳር ከተማ ያደገ ሰው ውኃ ዳር ቤት ሲባል ጣናን ያስባል። ጣና ጨው የለውም። እዚህ ጠላቱ ጨው ነው፣ እና በነፋስ ይገባል እንጂ በጎርፍ ብቻ አይመጣም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ጨዉ በአርማታው ቀዳዳዎች ዓመታት ፈጅቶ ፌሮው ድረስ ይደርሳል። ጤነኛ አርማታ ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቅ የኬሚካል ልባስ አለው፤ ጨዉ ያንን ይበሳዋል። ዝገት ከብረቱ በላይ ቦታ ይይዛል፣ ያብጣል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፣ አርማታው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ይወርዳል። ስንጥቁ ከፌሮው ጋር ትይዩ ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ከሆነና ቡና ዓይነት ቀለም ከላዩ ከወረደ፣ የልስን ስንጥቅ አይደለም።

ሻጩ ከሁለት ወር በፊት ቀለም ቀብቶ ሊሆን ይችላል። ዓይን አይበቃም፣ መዶሻ ያስፈልጋል። ኢንጂነሩ በበረንዳው ሆድ፣ በመስኮት አናት ቢሞች፣ በዓምዶች እግርና በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ይሄዳል። ጤነኛው "ጥን" ብሎ ይመልሳል። ከውስጥ የተላቀቀው "ዱፍ" ይላል፣ ባዶ እንስራ እንደማንኳኳት። "ዱፍ" ያለው በጠመኔ ይከበባል። ክበቦቹን በካሬ ጫማ ደምረሽ ለኮንትራክተር ዋጋ ጠይቂ።

ቀለል ያለ ተጨማሪ ምርመራም አለ፦ የሀፍ-ሴል ልኬት። ፌሮው በአንድ ቦታ ይገለጥና ሽቦ ይታሰርበታል፣ ሌላው ጫፍ በመዳብ ሰልፌት መለኪያ አርማታው ላይ እየተሄደ ይነበባል። ንባቡ ከ350 ሚሊቮልት በላይ ኔጋቲቭ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ዝገት እየሠራ የመሆኑ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው። ገና ያልተሰነጠቀውን የሚያሳየው ይኼ ነው።

ጥገናው ሲሠራ የሚበላሸው የት ነው? ሠራተኛው የተላቀቀውን ብቻ አራግፎ፣ የሚታየውን ፌሮ ቀለም ቀብቶ ይለስናል። በሁለት ዓመት ከጎኑ ይፈነዳል። ትክክለኛው፦ ተሸካሚ ከሆነ መጀመሪያ ድጋፍ ይደረጋል፤ ዝገቱ እስኪያልቅ በፌሮው ርዝመት ይከፈታል፤ ከፌሮው ጀርባም 3/4 ኢንች ያህል ይፈለፈላል፤ ብረቱ በአሸዋ ግፊት ነጭ እስኪሆን ይጸዳል፤ ውፍረቱ የቀነሰው ከጎኑ አዲስ ይታሰርለታል፤ ከዳር የዚንክ አኖድ ይታሰራል፤ ከዚያ የጥገና ሞርታር። ዚንኩ የሚታሰረው አዲሱ ሞርታር ከአሮጌው ጨዋማ አርማታ ጋር ስለሚጣላና ዝገቱን ወደ ጎን ስለሚገፋው ነው። ዚንኩ ራሱን ይሠዋል።

የብረት ዕቃ፦ ስቴንለስ ተብሎ 304 ከሆነ በወራት ውስጥ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። 316 ይባል፣ ሞሊብዲነም አለው፣ እሱም ቢሆን ጨው በሌለው ውኃ መታጠብ ይፈልጋል። የስቴንለስ ብሎን በቀጥታ አሉሚኒየም ላይ ከገባ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ መሀል ናይሎን ዋሸር ይግባ። የኤሲው ኮይል ከፋብሪካ የተቀባ ይሁን፣ በየወሩ በጎማ ይታጠብ። ከፍተኛ ግፊት አትጠቀሙ፣ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

የመስታወት_ሰው
ስለ መስኮት። ኸሪኬን አንድሩ በ1992 ከመታ በኋላ ነው ማያሚ ዴድና ብሮዋርድ ራሳቸውን የቻሉ ጥብቅ የግንባታ ኮድ ቀጠና የሆኑት። "ኢምፓክት ነው" (ነፋስ የወረወረው ነገር ቢመታው የማይበሳ መስኮት ነው) ብሎ ሻጩ ቢምል አትመኚ፤ ጥግ ላይ ያለውን ምልክት ወይም የፍሬሙን ተለጣፊ አንብቢና የኤን-ኦ-ኤ (የካውንቲው የምርት ማጽደቂያ) ቁጥሩን በካውንቲው ድረ ገጽ ፈልጊ። ያ ቁጥር ከነፍሬሙና ከነአተካከሉ ነው የተፈተነው። መስታወቱ ብቻ ምንም ማለት አይደለም። 9 ፓውንድ የሚመዝን ጣውላ በሴኮንድ 50 ጫማ ይተኮስበታል፣ ከዚያ ከሺ ጊዜ በላይ ግፊትና ስበት ይፈራረቅበታል። መሰንጠቁ አይጥለውም፤ መበሳቱ ነው የሚጥለው።

ዳር ዳሩ ላይ ወተት የመሰለ ደመና ከታየ ሁለቱን መስታወት የያዘው ላስቲክ መላቀቅ ጀምሯል።

አንድ ሰዎች የሚደባልቁት ነገር፦ ኢምፓክት ማለት ውኃ አያስገባም ማለት አይደለም። ተንሸራታች በር ከሥሩ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉት፤ አሸዋ ይደፍናቸዋል፣ አንዳንዱ ቀለም ቀቢ ደግሞ በሲሊኮን ይደፍናቸዋል። ዝናብ በነፋስ ሲገፋ ሀዲዱ ሞልቶ ሳሎን ይገባል። ሲጎበኙ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሀዲዱ ላይ አፍሺ። በግማሽ ደቂቃ ካልወጣ ዘግቷል።

ዋስትና
ኢንሹራንስን እኔ ልያዘው። ጎርፍና ንፋስ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ በአንድ ስም አትጥሪው።

ጎርፍ፦ የፌዴራሉ ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤት ቢበዛ ለሕንፃው 250 ሺ፣ ለዕቃው 100 ሺ ዶላር ነው የሚሸፍነው። በዚህ ሰፈር ያ ለኩሽናው ነው። ከዚያ በላይ የግል ተጨማሪ ይገዛል። ለብድር ክሎዚንግ (ለመጨረሻው የብድር ፊርማ) ካልሆነ በስተቀር 30 ቀን መጠበቂያ አለው፤ አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ መደወል ዋጋ የለውም። ከኦክቶበር 1፣ 2024 ጀምሮ ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ሻጭ የጎርፍ ማስታወቂያ ቅጽ የመስጠት ግዴታ አለበት፦ ለጎርፍ ክፍያ ጠይቆ ያውቃል ወይ፣ የፌዴራል እርዳታ ተቀብሏል ወይ። ቅጹን ከመፈረም በፊት ተቀበይ።

ንፋስ፦ የፍሎሪዳ መንግሥት ያቋቋመው ሲቲዝንስ የሚባለው ኢንሹራንስ በማያሚ ዴድ መልሶ መሥሪያ ዋጋው 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነን ቤት አይቀበልም። ስለዚህ ወደ ሰርፕለስ ላይን ኩባንያዎች (መደበኛው ገበያ የማይቀበለውን የሚዋሱ) ነው የምትሄዱት። እነሱ ሲከስሩ የክፍለ ግዛቱ የዋስትና ማኅበር አይከፍልም፣ የፋይናንስ ደረጃቸውን ማየት ግድ ነው። የኸሪኬን ተቀናሹ በመቶኛ ነው። ቤቱ በ5 ሚሊዮን ቢዋስና ተቀናሹ 5 በመቶ ቢሆን የመጀመሪያው 250 ሺ ከኪስ ነው።

የንፋስ መከላከያ ኢንስፔክሽን (ቅጹ ለ5 ዓመት ያገለግላል) ክፍያውን ብዙ ያወርዳል። ጣሪያው ከግድግዳ ጋር በምስማር ብቻ ነው ወይስ በብረት ማሰሪያ? ቅርጹ አራቱም ወገን ተዳፋት ነው? ክፍተቶቹ ሁሉ ተጠብቀዋል? "ሁሉ" የሚለው ቃል ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። ሃያ መስኮት ኢምፓክት ሆኖ የጋራዡ በር ወይም አንዲት የጣሪያ መስኮት ካልሆነች ሙሉ ቅናሹ ይቀራል።

ቀያሽ
"የግል ባሕር ዳርቻ" የሚለውን እንፍታው። በፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ከአማካይ ከፍተኛ ውኃ መስመር በታች ያለው አሸዋ የሕዝብ ነው። ጎልደን ቢች መግቢያውን ለነዋሪ ብቻ ማድረጉ ሌላ ነው፤ እርጥቡን አሸዋ ማንም ሰው ከጎረቤት ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በእግሩ ሊሄድበት ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዳርቻው በመንግሥት አሸዋ የተሞላ ከሆነ ነው። ያኔ የአፈር መሸርሸር መቆጣጠሪያ መስመር ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ የተጨመረው አዲስ አሸዋ የግዛቱ ነው፣ የባለ ቤቱ ወሰን አብሮ አይሰፋም። ባለ ቤቶች እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው በ2010 ተረትተዋል። ስለዚህ የቅየሳ ሥዕሉ ላይ ይህ መስመር ተሥሏል ወይ ብለሽ እይ።

ሌላው የባሕር ዳር ግንባታ መቆጣጠሪያ መስመር ነው። ከእሱ ወደ ባሕር በኩል ለሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ ለእንጨት መወጣጫም ቢሆን፣ ከከተማው ፐርሚት በላይ የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድ ይጠየቃል። አሸዋውን የያዘውን ሲ ኦትስ የሚባለውን ሣር መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል። "እይታውን ከፈትንላችሁ" ያለ አትክልተኛ ቅጣቱን ለባለ ቤቱ ነው ያወረሰው።

የባሕር ኤሊ እንቁላል የሚጥልበት ወቅትም አለ፤ አጎራባቹ ብሮዋርድ ላይ ከማርች 1 እስከ ኦክቶበር 31 ነው፣ የእናንተን ቀን ከከተማው ጠይቂ። ወደ አሸዋው የሚያበራ ነጭ መብራት አይፈቀድም። ዝቅ ያለ፣ የተከለለ፣ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 560 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቢጫማ ኤል-ኢ-ዲ ነው የሚፈለገው። ደንበኛሽ የመስታወት ግድግዳ ካሰበ የመስታወቱን ጥላ ከመጀመሪያው ይዘዝ፤ አዳዲስ ሥራዎች ላይ ብርሃን ማሳለፉ ከ45 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠየቃል።

ምዕራፍ
ለቪላ አቅሙ የሌለንስ? ባሕር ፊት ለፊት የሆነ አሮጌ ኮንዶ ከዚህ ሁሉ ጣጣ አያድንም?

አርማታ
@ምዕራፍ ጣጣውን ከጎረቤት ጋር ትካፈዪዋለሽ። ሰርፍሳይድ ላይ በ1981 የተሠራው ሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ ጁን 24፣ 2021 ሲደረመስ 98 ሰው ሞቷል። ከዚያ በ2022 የወጣውና በ2023 የተሻሻለው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ ኮንዶዎች በ30 ዓመታቸው (ባሕር አጠገብ ከተማው ከወሰነ በ25) በኢንጂነር እንዲመረመሩ፣ በተጨማሪም የመዋቅር ተጠባባቂ ገንዘብ ጥናት እንዲያሠሩ አስገድዷል። ዱሮ ባለ ንብረቶች በድምፅ "ተጠባባቂ አንቆጥብም" ይሉ ነበር፤ ለጣሪያ፣ ለመዋቅር፣ ለውኃ መከላከያ፣ ለመሳሰሉት ያ አሁን በአብዛኛው ቀርቷል። ለዚህ ነው በአንድ ሌሊት ወርኃዊው ክፍያ እጥፍ የሆነበት ሕንፃ ያለው።

ሦስት ወረቀት ጠይቂ፦ የምርመራ ሪፖርቱን፣ የተጠባባቂ ጥናቱን፣ የመጨረሻ 12 ወር የቦርድ ቃለ ጉባኤ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ኢንጂነር"፣ "ገንዳ ወለል"፣ "ልዩ መዋጮ" የሚሉትን ቃላት ፈልጊ። ዋጋው ከጎረቤት ሕንፃ በጣም የወረደ ከሆነ ምክንያቱ እዚያ ውስጥ ነው።

ቀጥታ
ፊሸር አይላንድስ? ድልድይ የለውም ይባላል።

ፐርሚት_ቤት
የለውም። መኪና በጀልባ ነው የሚሻገረው። ለእድሳት ዋጋ ስትጠይቂ ኮንትራክተሩ ሠራተኛው ጀልባ ሲጠብቅ የሚያልፈውን ሰዓት፣ የሲሚንቶና የፍርስራሽ መኪናውን መሻገሪያ ጨምሮበታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ያልጨመረ ኮንትራክተር መሀል ላይ "ተጨማሪ ሥራ" ብሎ ይመጣል።

ዋስትና
የረሳሁት፦ ግብር። ሻጩ ሆምስቴድ (ባለ ቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጥ የግብር ጥበቃ) ካለው ግምቱ በዓመት ከ3 በመቶ በላይ አያድግም፤ ለሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው የሚከፍለው ግብር በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ከሽያጭ በኋላ በሚቀጥለው ጃንዋሪ 1 ግምቱ ወደ ገበያ ዋጋ ይመለሳል። የሻጩን የግብር ደረሰኝ ይዞ ወርኃዊ ወጪ ያሰላ ገዢ ዓመቱ ሲዞር ይደነግጣል።

ሰገነት
ሁላችሁም ይመቻችሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ባለበት ሁኔታ በሚባለው ውል (ሻጩ የመጠገን ግዴታ በሌለበት) የተለመደው የምርመራ ጊዜ 15 ቀን ነው። ይኼ ሁሉ በ15 ቀን እንዴት ይገባል? ከየትኛው ልጀምር?

ፐርሚት_ቤት
ረጅም ጊዜ ከሚወስደው ጀምሪ። በመጀመሪያው ቀን ለከተማው ሁለት ጥያቄ ላኪ፦ የ50 በመቶው ቁጥርና ያልተዘጉ ፐርሚቶች ዝርዝር። የከተማ መልስ ቀን ይበላል። በዚያው ቀን ለኢንሹራንሱ ሰው አድራሻውን፣ የከፍታ ሰርተፊኬቱንና የጣሪያውን ዕድሜ ላኪለት። መዋቅር ኢንጂነሩን እስከ ሦስተኛው ቀን አስገቢ፣ ሀፍ-ሴሉ ፈቃድና ቀጠሮ ስለሚፈልግ። ቀያሹ እስከ አምስተኛው። ተራው ኢንስፔክተር የመጨረሻው ይሁን፤ የእሱ በሁለት ሰዓት ያልቃል።

ያልተዘጋ ፐርሚት ከተገኘ አትናቂው። ከ2009 ጀምሮ ክፍት የቀረ የጣሪያ ፐርሚት ካለ፣ መዝጊያው የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ገዢው ይወርሰዋል። ለመዝጋት ኢንስፔክተሩ የተሸፈነውን ክፈቱልኝ ሊል ይችላል። 15 ቀኑ እንደማይበቃ በአሥረኛው ቀን ካወቅሽ ማራዘሚያውን ያኔውኑ በጽሑፍ ጠይቂ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ማታ የሚጠይቅ ደላላ የደንበኛውን ማስያዣ አደጋ ላይ ነው የሚጥለው።